የግል ሕይወት የመከበር መብት በአስቸኳይ ጊዜ

በኢትዮጵያ የሰው ቤት፣ አካል፣ ንብረት፣ ደብዳቤና የስልክ ግንኙነት እንዳይደፈር ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የሰጠው ጥበቃ፣ በአስቸኳይ ጊዜ የሚኖረው ይዞታ። ለደብዳቤ ምስጢር መጀመሪያ ዋስትና የሰጠው የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ነበር፤ የ1948ቱ በታወጀ አስቸኳይ ጊዜ ሳንሱርን ፈቀደ።

አሁን በሥራ ላይ ያለው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መብቱን የሚገድበው አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠር፣ ዝርዝር ሕግ ሲኖር ብቻ ነው። ዋናው ክፍተት ግን ስለ አስቸኳይ ጊዜ የሚደነግገው አንቀጽ 93 ነው። በአስቸኳይ ጊዜ ፈጽሞ አይነኩም ብሎ የለያቸው አንቀጽ 1፣ 18፣ 25 እና 39 (ንዑስ 1 እና 2) ናቸው፤ 26 ከእነዚህ ውስጥ የለም። ይህ ከባድ ጉድለት ነው።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ለአማራ ክልል የታወጀው አስቸኳይ ጊዜ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መፈተሽን ፈቀደ፤ በ2016 ለአራት ወራት ተራዘመ። የሞባይል ኢንተርኔትም በክልሉ ተቋረጠ። አስቸኳይ ጊዜውን የሚመረምረው ቦርድ የታሰሩትን ስም በአንድ ወር ይፋ እንዲያደርግና ኢሰብአዊ ድርጊትን እንዲከታተል በሕገ መንግሥቱ ታዟል፤ የማን ስልክ እንደተጠለፈ እንዲያጣራ ግን በግልጽ አልታዘዘም። ለግል ሕይወት ጥበቃ የሚያግዝ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ግን በ2016 ወጥቷል።