የስደተኛ ሸክም ለአንድ ቤት አይተውም



ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ዕድራችንም የቆመው በዚሁ ነው። ዛሬ ልናወሳ የፈለግነው ግን መንግሥታትም እንደ ዕድርተኛ የተረዳዱበት ጊዜ መኖሩን ነው። እኛ የጉቴ ሰዎችም ከዚህ ታሪክ ሩቅ አይደለንም።

ከአውሮፓ እንጀምር። ጥቅምት 25 ቀን 1949 ዓ.ም. በሃንጋሪ የተነሣውን አመጽ ለመደምሰስ የሶቪዬት ታንኮች ቡዳፔስት ገቡ። በጥቂት ወራት ውስጥ 200 ሺህ ያህል ሰው አገሩን ጥሎ ወጣ፤ 180 ሺህ ያህሉ ወደ ኦስትሪያ፣ 20 ሺህ ያህሉ ወደ ዩጎዝላቪያ። ኦስትሪያ ራሷ የአራት መንግሥታት ጦር ለቆላት ከወጣ ገና ዓመቷ ነበርና ይህን ሁሉ ሰው ብቻዋን ልትሸከም አትችልም። ለዓለም አቤት አለች። በዚህን ጊዜ «ጎረቤት ነሽና እንደ ፍጥርጥርሽ» አልተባለችም። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽነርና የቀይ መስቀል ማኅበራት ተረባረቡ፤ ሌሎች አገሮችም ድርሻ ድርሻቸውን አነሡ። አሥር ሳምንት ሳይሞላ 100 ሺህ ሰው ማረፊያ አገኘ። በመጨረሻ 180 ሺህ ያህሉ በ37 አገሮች ሰፈረ።

አፍሪካም ወደ ኋላ አላለችም። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አባል አገሮች ጳጉሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ላይ የስደተኞችን ስምምነት ፈረሙ፤ ሰኔ 13 ቀን 1966 ዓ.ም. በሥራ ላይ ዋለ። ስደተኛ ያስጠጋ አገር ሸክሙ ከከበደው ሌሎቹን አባላት መጠየቅ ይችላል፣ እነሱም ሊያቀልሉለት ይገባል የሚል ሐሳብ በውስጡ አለበት። ታዲያ ይህ ከዕድር ደንብ በምን ይለያል?

አሁን ወደ ወለጋችን እንመለስ። አሶሳ በዚያን ዘመን ከወለጋ አውራጃዎች አንዷ ነበረች። በ1979 ዓ.ም. የኡዱክ ሕዝብ ከሱዳን ብሉ ናይል ጦርነት ሸሽቶ መጣና አሶሳ አጠገብ ጾሬ ላይ ሰፈረ። በ1982 ዓ.ም. ጦርነት እዚያም ደረሰበት፤ ደግሞ ተነሥቶ ኢታንግ ወረደ፣ ከዚያም ሱዳን ናስር ተመለሰ። በ1985 ዓ.ም. ነው ጋምቤላ ውስጥ ቦንጋ ላይ አረፍ ያለው። ጥቂቶቹን አሜሪካ ወስዳ አሰፈረች። በ1997 ዓ.ም. የሱዳን ሰላም ከተፈረመ በኋላ ብዙው አገሩ ገባ። ምን ዋጋ አለው! በ2003 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ አገረሸና እንደገና ወጣ። የቶንጎና የባምባሲ መጠለያዎች በ2004 ዓ.ም. የተከፈቱት በዚሁ ምክንያት ነው። ከአዲስ አበባ እህል ጭኖ በነቀምቴ፣ በጊምቢና በመንዲ በኩል ወደ አሶሳ የሚወርደው መኪና በደጃችን ነው የሚያልፈው።

እንግዳ ተቀባይ ብቻ ሆነን ግን አልኖርንም። በደርግ ዘመን ከወለጋም ድንበር ተሻግሮ ሱዳን የተጠጋ ብዙ ሰው ነበር። ዛሬ አስጠጊ የሆነ ነገ ተጠጊ ነው፤ ይህ ዙር ነው።

አንድ ነገር መለየት ይገባል። በሕግ ስደተኛ የሚባለው ድንበር የተሻገረ ነው። በአገሩ ውስጥ ከቀዬው የተነሣ ተፈናቃይ ይባላል፤ ለእሱ ያ ስምምነት አይደርስለትም። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ከካማሺ በኩል የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ነቀምቴና በዙሪያዋ ሲጠለሉ በዓይናችን አይተናል። እህሉንና ብርድ ልብሱን መንግሥትና የእርዳታ ድርጅት ሊያመጣው ይችላል። ሰው ሲሞት ግን ድንኳን የሚተክል፣ ጡሩምባ የሚያስነፋ፣ መቃብር የሚቆፍር ከዕድር በቀር ማን አለ? ተፈናቃዩ ዕድሩን እቀዬው ጥሎት መጥቷል።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በመጪው ጠቅላላ ስብሰባ ወደ ደንባችን አንድ አንቀጽ ይጨመር፤ በሰፈራችን ተጠግቶ ሳለ የሞተ ተፈናቃይ ወይም ስደተኛ፣ ወርኃዊ መዋጮ ባይከፍልም፣ እንደ አባል ይቀበር። ወጪው ለአባላት ሲከፋፈል ለአንድ ቤት የሚደርሰው ጥቂት ነው። 37 አገር የተካፈለውን ሸክም አንድ ሰፈር ለአንድ ሬሳ አያቅተውም።

እግዚአብሔር ሰላሙን ያምጣልን።