የአሮጌ ሚኒባስ እድሳትና ሽያጭ፤ ከእንጅባራና ከዳንግላ መንገድ የሚታይ ታሪክ

የአንድ ተሽከርካሪ ታሪክ ከፋብሪካ ወጥቶ ለመጀመሪያ ባለቤቱ በተሰጠበት ዕለት አያበቃም። ከእጅ ወደ እጅ፣ ከከተማ ወደ ከተማ፣ ከጋራዥ ወደ ጋራዥ ሲዛወር ይቀጥላል። በአገራችን ይህ ጐልቶ የሚታየው በሚኒባስ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ዐባይን ተሻግሮ፣ በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ አልፎ ባሕር ዳር በሚገባው አውራ ጎዳና የሚመላለስ አሮጌ ሚኒባስ በሁለትና በሦስት ባለንብረት እጅ ያለፈ፣ ሞተሩ የወረደ፣ ቦዲው የተነካካ፣ ቀለሙ የታደሰ ሆኖ ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም። ይህ እድሳት እንዴት እንደ ተለመደና ምን ላይ ሲደርስ ወደ ማታለል እንደሚያዘነብል መመርመር ለሙያው ሰዎች ከታሪክ ዕውቀትነቱ አልፎ የኃላፊነት ጉዳይ ይሆናል።

አገው ምድር ከመኪና ጋር የተዋወቀው ዘግይቶ ነው። እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሊ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያውን አውቶሞቢል አዲስ አበባ አድርሶ ለዐፄ ምኒልክ ካስረከበ በኋላ እንኳ በጎጃም ደጋ ለብዙ ዓመታት ጭነት የሚንቀሳቀሰው በአጋሰስ፣ መንገደኛ የሚጓዘው በበቅሎና በፈረስ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ዳንግላ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ የተቀመጠው ሻለቃ ችዝማን የጣናን ዙሪያና የዐባይን ሸለቆ የመረመረው በበቅሎ ጉዞ እንደ ነበር ይታወቃል። የመኪናው መንገድ መልክ መያዝ የጀመረው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። በየካቲት 1933 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር በአርበኞችና በጌዴዎን ጦር ግፊት ዳንግላን ለቅቆ ወጣ። በ1943 ዓ.ም. ደግሞ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ መንገድ መሥራትና መጠገን መደበኛ የመንግሥት ሥራ ሆነ።

የጣሊያን ጦር ቢወጣም የጥገናው ሥራ ቋንቋ ሳይለወጥ ቀረ። እስከ ዛሬ ድረስ ጎማ የሚጠግነው ሰው ጎሚስታ ይባላል፤ የማርሹ ቤት ካምቢዮ፣ የሞተሩ ራስ ቴስታታ፣ የቤንዚን ሞተር እሳት የሚነሣበት ካንዴላ፣ የቦዲው ቆርቆሮ ላሜራ፣ በየዓመቱ ምርመራ ያለፈ መኪና መስታወት ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ቦሎ ይባላል። ከእነዚህ ቃላት መካከል ለዚህ ታሪክ ከሁሉ ይልቅ የሚፈለገው ስቱኮ ነው፤ ጎድጓዳ ላሜራን ለማስተካከል ከቀለም በፊት የሚለቀለቀው ሊጥ መሰል ነገር ነው። ስቱኮ በራሱ ጠቃሚ የሥራ ዕቃ ሲሆን በክፉ እጅ ከገባ ግን የዝገት መጋረጃ ይሆናል።

ሰውንም ዕቃንም በአንድ ሣጥን የሚያጓጕዘው አነስተኛ ተሽከርካሪ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጣ ሐሳብ ነው። የሆላንዱ ነጋዴ ቤን ፖን እ.ኤ.አ. በ1947 በማስታወሻ ደብተሩ ላይ የጫረው ንድፍ ለፎልክስቫገን ኮምቢ መነሻ ሆኖ፣ ኮምቢው እ.ኤ.አ. በ1950 ከፋብሪካ መውጣት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1956 ፊያት ሦስት ሜትር ተኩል በሚያህል ርዝመት ስድስት ሰው የሚይዘውን 600 ሙልቲፕላ አወጣ፤ የፊያት ሴይቼንቶ ዝርያ የሆኑት ትናንሽ መኪኖች ሰማያዊና ነጭ ተቀብተው በአዲስ አበባ ለብዙ ዘመን በታክሲነት አገልግለዋል። የጃፓኑ ቶዮታ ሃይኤስ እ.ኤ.አ. በ1967 ተወለደ፤ በ1977፣ በ1989ና በ2004 እየተሻሻለ አዳዲስ ትውልድ አፈራ። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ኢኮኖሚው ወደ ነፃ ገበያ ሲያዘነብል ከውጭ አገር ያገለገሉ ሃይኤሶች በብዛት ገብተው በከተማ ታክሲነትም በአገር አቋራጭነትም የሕዝቡ ዋና መጓጓዣ ለመሆን በቁ።

ሃይኤስ በእንደዚህ ያለው መንገድ ላይ ዕድሜው ሊረዝም የቻለበት ምክንያት አለው። ኤል በሚል ፊደል የሚታወቁት የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች፣ ማለት 2,446፣ 2,779ና 2,986 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይዘት ያላቸው፣ ብሎካቸው ብረት፣ የናፍጣ ፓምፓቸው ያለ ኮምፒዩተር በሜካኒካዊ መንገድ የሚሠራ ነው። ስለዚህ በአነስተኛ ከተማ ያለ መካኒክ በመፍቻና በልምድ ሊፈታቸውና ሊገጥማቸው ይችላል። ከዚህም ሌላ እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብላ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ አየሩ በአምስት እጅ አንድ ያህል ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው ሞተር ጕልበቱ ይቀንሳል። ባለእጅ ማርሽ መኪና ግን ሾፌሩ ዳገቱን አስቀድሞ አይቶ ማርሹን እንዲያወርድ ስለሚፈቅድ የጎደለውን ጕልበት በብልሃት ለማካካስ ያስችላል።

ማርሹ ከሁሉ የበለጠ የሚፈለገው ግን በቁልቁለት ነው። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው የዐባይ በረሃ መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ እንደገና ይወጣል። በዚህ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ብቻ የሚጨብጥ ሾፌር ሸራው ግሎ፣ የፍሬን ዘይቱ ፈልቶ፣ ፔዳሉ ባዶ ሊሆንበት ይችላል። በዝቅተኛ ማርሽ የሚወርድ ግን ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዝለታል። የተበላ ማርሽ ከመንገድ መካከል ተነቅሎ ባዶ ቢሆን ውጤቱ ምን እንደሚሆን ለሙያው ሰው አይነገርም። ስለዚህ ሊሸጥ የታሰበ መኪና የካምቢዮው ድምፅ እንዳይሰማ ወፍራም ዘይት ሲሞላበት፣ ድምፁ ጠፋ እንጂ ጥፋቱ እንዳልጠፋ ማወቅ ይገባል።

ከማርሹ ቀጥሎ የሚመጣው የቦዲው ነገር ነው። የጭነት መኪና ቦዲው በሻንሲ ላይ የተጫነ ስለ ሆነ ላሜራው ቢዝግ እንኳ ሸክሙን የሚችለው ሻንሲው ነው። ሃይኤስ ግን የተለየ ሻንሲ የለውም፤ ከወለሉ ሥር ያሉት ተሸካሚ ብረቶች ከቦዲው ጋር ተበይደው አንድ አካል ሆነዋል። ከዚህም የተነሣ የወለል፣ የደፍና የጎማ ቤት ዝገት የመልክ ጉድለት ብቻ ሳይሆን የጥንካሬ ጉድለት ይሆናል። ክረምቱ ረዥምና ዝናቡ ብዙ በሆነበት በአዊ ምድር ጭቃ በነዚህ ስፍራዎች ተጣብቆ ውሃ ይዞ ስለሚቆይ ዝገቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ይሠራል። የዛገውን ቆርጦ አውጥቶ በልኩ አዲስ ላሜራ መበየድ፣ ፀረ ዝገት መቀባትና በመጨረሻ ቀለም መርጨት እድሳት ይባላል። በዝገቱ ላይ ስቱኮ ለቅልቆ ማስዋብ ግን ሌላ ስም ይገባዋል። ሁለቱም በቀለም ስለሚያልቁ በገበያ ቀን ልዩነታቸው በዐይን አይለይም።

ሌላም ከታሪክ የመጣ ጉዳይ አለ። ኢትዮጵያ ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. የመንገድ አነዳዷን ከግራ ወደ ቀኝ አዛውራለች። ጃፓን ግን በግራ መንዳቷን ስለ ቀጠለች ለራሷ ገበያ የሠራቻቸው መኪኖች መሪያቸው በቀኝ ነው። እንዲህ ያለ መኪና መሪው ወደ ግራ ተዛውሮለት ከሆነ የመሪው ዘንግ፣ የፔዳሎቹ መቀመጫና የፍሬኑ ቧንቧ ከፋብሪካው ልክ ውጭ በእጅ የተሠሩ ይሆናሉና፣ አዳሹ እያንዳንዱን ብየዳና እያንዳንዱን ብሎን ሊመረምር ይገባዋል።

ከጋራዥ የወጣ ሚኒባስ ወደ ገበያ ሲቀርብ ደላላ፣ ሻጭና ገዢ ይገናኛሉ። ገዢው ሊብሬውን ያያል፤ በሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር በመኪናው ላይ ከተመታው ጋር ያመሳክራል፤ ውሉም በውል አዋዋይ ፊት ተፈርሞ ስም ይዛወራል። ይህ ሁሉ የባለቤትነትን ነገር ያረጋግጣል፤ ስለ ወለሉ ብረት ግን ምንም አይናገርም። ይህን ክፍተት ሕጉ አልዘነጋውም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ነገር ጉድለት የሌለበት ስለ መሆኑ ለገዢ ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል። ገዢው እያወቀ ለገዛው ጉድለት ሻጭ አይጠየቅም፤ ነገር ግን ሻጭ ጉድለቱን በተንኰል ሰውሮ ከሆነ ከዋስትና ነፃ ነኝ የሚል የውል ቃል አይጠቅመውም። ሕጉ ያስቀመጠው ወሰን ጋራዡ ከሚያውቀው ወሰን ጋር አንድ ነው፤ የተነገረ ጉድለት ዋጋ ያስቀንሳል፣ የተሸፈነ ጉድለት ግን ዕዳ ያመጣል።

ይህ አስተሳሰብ ለአዊ ሕዝብ እንግዳ ሊሆን አይችልም። እንጅባራ በየዓመቱ በጥር ወር በሚከበረው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል የምትታወቅ ናት። ፈረስ የሚያውቅ ሰው ፈረስ ሲገዛ ጥርሱን ገልጦ፣ ሰኮናውን አንሥቶ፣ ጀርባውን ዳሶ፣ አስሮጦም ትንፋሹን አዳምጦ ነው እንጂ በኮርቻው ጌጥ ተማርኮ አይዋዋልም። ሚኒባስም ወለሉ ከሥር ታይቶ፣ ላሜራው በማግኔት ተፈትሾ፣ በዳገትና በቁልቁለት ተነድቶ ሊገዛ ይገባዋል። ማግኔት በወፍራም ስቱኮ ላይ አይጣበቅምና የቀለሙን ምስጢር በቀላሉ ያወጣል።

የዚህ ሥራ ክብደት በቅርብ ዓመታት ጨምሯል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎችን እንደ ዕድሜያቸው ከፍ ባለ ታክስ እንዲመቱ አደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት መወሰኑን አስታወቀ። ምትክ መግዛት ሲከብድ በእጅ ያለውን ማቆየት ግድ ስለሚሆን፣ ቀድሞ ለቁራጭ ብረት ይሸጥ የነበረው ዛሬ ወደ ጋራዥ ይመለሳል። ይህም ለመካኒኩ የእንጀራ በር ሲከፍት የፈተና በርም ይከፍትበታል፤ የመኪናው ዋጋ በናረ መጠን የመሸፋፈኑ ትርፍም ይንራልና።

ለዚህ መድኃኒቱ ከአቅም በላይ አይደለም። አዳሹ የቆረጠውን፣ የበየደውንና የለወጠውን በቀን ጽፎ፣ ከቀለም በፊት ያለውን ብረት ፎቶግራፍ አንሥቶ ለባለንብረቱ ቢሰጥ፣ ያ ወረቀት ከሊብሬው ጋር ከእጅ ወደ እጅ ሊተላለፍ ይችላል። ታማኙ አዳሽ ለሥራው ተገቢውን ዋጋ ያገኛል፤ ገዢውም የሚከፍለው ለምን እንደ ሆነ ያውቃል። ሻጩ ገንዘቡን ተቀብሎ፣ ደላላው ድርሻውን ይዞ ከሄዱ በኋላ በዚያ መኪና የዐባይን ቁልቁለት የሚወርዱት በገበያው ያልነበሩ መንገደኞች ናቸው። ስለ ዋጋው አልተጠየቁም፤ ስለ ወለሉም የነገራቸው የለም። የእድሳት ሙያ የመጨረሻ ተጠያቂነቱ ለእነርሱ ነው።