ወረራ (የሰንጠረዥ መክፈቻ)

ወረራ በኢትዮጵያ የሰንጠረዥ ጨዋታ የመጀመሪያው ምዕራፍ ነው። በዚህ ምዕራፍ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ አይጠባበቁም፤ እያንዳንዱ በራሱ ፍጥነትና በፈለገው መጠን ጠጠሮቹን ያንቀሳቅሳል። ተራ በተራ መጫወት የሚጀመረው ከሁለት አንዱ የመጀመሪያውን ጠጠር ሲበላ ነው። በዚህ ምክንያት በቃል የሚጠና የእንቅስቃሴ ቅደም ተከተል አልነበረም። የነበረው አሰላለፍ ነው፤ ተጫዋቹ የባላጋራውን እጅ እያየ እንደ ጠባዩ ጦሩን ያሰልፋል። የዛሬ የቼዝ ተጫዋች መካከለኛ ደረጃ ላይ ሲደርስ «ለእኔ የሚስማማኝ መክፈቻ የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቃል። በሰንጠረዥ ይህ ጥያቄ በየጨዋታው መጀመሪያ ላይ ይነሣ ነበር።

ስያሜ

የዛሬ አንባቢ «ሰንጠረዥ» ሲባል በረድፍና በዓምድ የተከፋፈለ የመረጃ ሣጥን ይታየዋል። ቃሉ ግን ረጅም መንገድ የመጣ የጨዋታ ስም ነው። መነሻው የሳንስክሪቱ «ቻቱራንጋ» ሲሆን አራት ክፍል ያለው ጦር ማለት ነው፤ በፋርስ «ቻትራንግ»፣ በዐረብኛ «ሸጠረንጅ» ተብሎ ወደ እኛ ዘንድ ደርሷል። የጨዋታው ሠሌዳ በመስመር የተከፋፈለ ጨርቅ ስለነበር፣ ስሙ በኋላ ወደ መዝገብ ሣጥኖች የተሻገረው ከዚህ መልክ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም።

የጠጠሮቹ ስሞችም ጉዞውን ያሳያሉ። «ፈርዝ» ከፋርሱ «ፈርዚን»፣ አማካሪ ከማለት የመጣ ነው። «ፊል» በዐረብኛ ዝሆን ነው፤ በአንዳንድ ዘገባ ይኸው ጠጠር «ሳባ» ተብሏል። «መደቅ» የዐረብኛው «በይደቅ» ሆኖ «በ» ወደ «መ» የተለወጠበት ይመስላል። «ፈረስ» በሁለቱም ቋንቋ ፈረስ ነው። የማዕዘኑ ጠጠር «ዴር» ይባላል። የውጭ ስሙን ጥሎ ሙሉ በሙሉ አገርኛ የሆነው ዋናው ጠጠር ነው፤ «ሻህ» የሚለው የፋርስ ቃል ቀርቶ «ንጉሥ» ተብሏል። ስሙን የለወጡት ሰዎች ንጉሥ ያለበት አገር ሰዎች ነበሩና ይህ አያስደንቅም።

ሠሌዳና ሕግ

ሠሌዳው 64 ቤት ያለው፣ ቤቶቹ በቀለም ያልተለያዩ ነው። ንጉሡ ከመካከለኛው መስመር በስተቀኝ፣ ፈርዙ በስተግራ ይቆማል። ስለዚህ ሁለቱ ነገሥታት ፊት ለፊት አይተያዩም። ፈርዝ አንድ ቤት በሰያፍ ብቻ ይሄዳል፤ ፊል በሰያፍ ወደ ሦስተኛው ቤት ይዘላል፣ በመካከል ጠጠር ቢኖርም አያግደውም። ፈረስና ዴር እንደ ዛሬው ቼዝ ናቸው። መደቅ ከመነሻውም ቢሆን አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል።

ከዚህ አቋቋም የሚወጣ፣ ብዙ ጊዜ የማይነሣ ነጥብ አለ። በዐረቡ ሸጠረንጅ ንጉሥ ከንጉሥ ትይዩ ስለሚቆም ሁለቱ ፈርዞች የሚረግጧቸው ቤቶች የተለያዩ ናቸው፤ መቼም አይገናኙም። በኢትዮጵያው አቋቋም ግን ሁለቱም ፈርዞች በእነዚያው 32 ቤቶች ላይ ይመላለሳሉ፤ ስለዚህ አንዱ ሌላውን ሊበላ ይችላል። ፊል በበኩሉ ከ64ቱ 8 ቤት ብቻ ይደርሳል። በወረራ ጊዜ ፊሎቹን ወዴት ማዝለል እንደሚሻል ማሰብ ያለበት ተጫዋች ከዚህ ቁጥር መነሣት ነበረበት።

የጽሑፍ ምስክርነት

ጨዋታው በኢትዮጵያ መቼ እንደ ገባ እርግጠኛ ቀን መስጠት አይቻልም። የስሞቹ ዐረብኛነት በቀይ ባሕር ንግድ በኩል መምጣቱን ይጠቁማል። ቀደም ካሉት ምስክርነቶች አንዱ በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ዐፄ ልብነ ድንግል ቢቺኒ ከተባለ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር መጫወታቸውን የሚናገረው ነው።

እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1805 የትግራዩን ራስ ወልደ ሥላሴን ሲጎበኝ ያየው ከሁሉ ይልቅ ሕያው ነው። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ ትላልቅና ሸካራ ነበሩ፤ የባላጋራ ጠጠር ሲበላ በኃይል ተመትቶ ከቦታው ይነሣል። ዙሪያውን የቆመ ሰው ሁሉ፣ ባሪያው ሳይቀር፣ ድምፅ ነበረው፤ ጠጠር አንሥቶም «እንዲህ ይሻላል» ብሎ ያሳያል። ይሁንና ሰዎቹ ራስ ወልደ ሥላሴ በየጨዋታው እንዲያሸንፉ በብልሃት ያመቻቹ እንደነበር ሶልት ጽፏል። መደቅ መጨረሻው ረድፍ ሲደርስ ሹመት አያገኝም ያለውም እርሱ ነው፤ ሌሎች ምንጮች ግን ፈርዝ ይሆናል ይላሉ። ምናልባት ልማዱ ከአገር አገር ይለያይ ነበር።

ለጣና ሐይቅ ዙሪያ የሚቀርበው ምስክር ዋልተር ፕላውደን ነው። ፕላውደን የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1849 ከሐይቁ በስተምሥራቅ ደብረ ታቦርን መናገሻቸው ካደረጉት ከራስ አሊ ጋር ውል ተፈራርሟል፤ በ1860 በጎንደር አካባቢ በደረሰበት ጥቃት ሞተ። የጉዞ መጽሐፉ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1868 ነው። ተራ የሌለውን መክፈቻና የማትን (ንጉሡን ማምለጫ አሳጥቶ የማሸነፍን) የክብር ደረጃ በተመለከተ የታሪክ ጸሐፊዎች የሚጠቅሱት እርሱን ነው። እቴጌ ጣይቱ ብጡልም በገና ደርዳሪና ሰንጠረዥ ተጫዋች እንደነበሩ ይነገርላቸዋል።

የቼዝ ታሪክ ጸሐፊው መሪ (Murray) እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ትልቅ ጥናት ኢትዮጵያን አካትቷል። ሪቻርድ ፓንክኸርስት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ስለ ጨዋታው ታሪክና ሕግ ጽፏል፤ ጨዋታው እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ የጣሊያን ወረራ በኋላ እንደጠፋ ያምን ነበር።

አሰላለፍና ጠባይ

ተራ ሲጠፋ ጊዜ ዋጋ ያጣል። በዛሬው ቼዝ አንድ እንቅስቃሴ ማባከን ቅጣት አለው፤ በወረራ ግን ተጫዋቹ ያራመደውን ጠጠር መልሶ ሌላ ቦታ ሊያቆም ይችላል። የሚቀረው ጥያቄ ሁለት ነው፦ ምን ቅርጽ ልያዝ? መቼስ ልብላ?

ታጋሽ ሰው መደቆቹን ሦስተኛው ረድፍ ላይ አቁሞ ከበስተኋላ ፈረሶቹን ማደራጀት ይመቸዋል፤ ባላጋራውም እንዲሁ ሲሰለፍ በመደቅ የሚበላው አያገኝም። ችኩሉ ደግሞ በአንድ ክንፍ መደቆቹን እስከ አራተኛው ረድፍ ገፍቶ ከኋላቸው ዴሩን ያቆማል። እንዲህ ያለው አሰላለፍ የሚያዋጣው የመጀመሪያው መብላት በእርሱ ምርጫ ሲሆን ነው፤ ከበላ በኋላ ተራው የባላጋራው መሆኑን የረሳ ተጫዋች የገነባው ክንፍ ይፈርስበታል።

ከዚህ በላይ አሰላለፉን የሚወስን ነገር አለ፤ እርሱም ክብር ነው። በዴር ወይም በፈረስ ማት ማድረግ ያን ያህል አያስመሰግንም። በፈርዝ ወይም በአንድ ፊል ሲሆን መልካም ነው፤ በሁለት ፊል ይበልጣል፤ በመደቆች ሲሆን ግን ከሁሉ የላቀ ጭብጨባ ያስገኛል። እንግዲህ በመደቅ ማት ሊያደርግ የሚመኝ ሰው ገና በወረራው መደቆቹን አያባክንም። የአጨዋወት ውበትን ከመጀመሪያው አሰላለፍ ጋር እንዲህ የሚያስተሳስር ሕግ ትልቅ ነገር ነው፤ ጠቢብነት ነው ማለት ይቻላል።

ተመሳሳይ አስተሳሰብ በዐረቡ ሸጠረንጅም ነበር። ጠጠሮቹ ዘገምተኛ ስለነበሩ የ9ኛውና የ10ኛው መቶ ዘመን ሊቃውንት፣ በተለይ አል-ዐድሊና አስ-ሱሊ፣ «ታቢያ» የተባሉ የታወቁ አሰላለፎችን ያጠኑ ነበር፤ «ሙጀነሕ»፣ ማለትም ባለ ክንፉ፣ ከእነዚህ አንዱ ነው። ልዩነቱ እዚያ ተራ መጠበቁ ነው። ወረራ የዚህ ልማድ ቅርንጫፍ ይሁን ወይስ ራሱን ችሎ የበቀለ፣ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም።

በዛሬው ቼዝ

የወረራ አስተሳሰብ ለመካከለኛ ተጫዋች አሁንም ይጠቅማል፤ መክፈቻ ሲመርጥ ከእንቅስቃሴ ዝርዝር ይልቅ የወታደሮቹን ቅርጽ ማየት ይኖርበታል። ሰላማዊ ግንባታ የሚወድ በነጭ ለንደን ሲስተምን ቢይዝ ባላጋራው ምንም ቢጫወት ቅርጹ ብዙ አይለወጥበትም፤ ከወረራ በጣም የሚቀርበውም ይህ ነው። በጥቁር ካሮ-ካን ጽኑ ነው። የፈረንሳይ መከላከያም ጽኑ ነው፤ ግን በንግሥቷ በኩል ያለውን ቢሾፕ በራሱ ወታደሮች ያፍናል፤ መታፈን የማይችል ሰው ባይጀምረው ይሻላል። መሀሉን ለነጭ ትቶ ኋላ ላይ መምታት የሚችል ትዕግሥተኛ አጥቂ ኪንግስ ኢንዲያንን ይሞክር። ግልጽ ውጊያ የሚወድ የጣሊያንን መክፈቻ፣ ከዚያም ወታደር ገብሮ ፍጥነት የሚገዛውን ኢቫንስ ጋምቢት ያጥና። ሲሲሊያን ብዙ ጥናት ስለሚጠይቅ በዚህ ደረጃ ያለ ሰው አንዱን ቅርንጫፍ ብቻ ቢመርጥ ይበቃዋል።

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ

በባሕር ዳር፣ እንደ ሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች ሁሉ፣ በቆርኪ የሚጫወቱት ዳማ ከቼዝ ይልቅ ሥር የሰደደ ነው። ከዳማ ወደ ቼዝ የሚሻገር ተጫዋች የሚበላ ሲያገኝ ወዲያው የመብላት ልማድ ይዞ ይመጣል፤ ዝግ ያለ መክፈቻ ልማዱን ያርመዋል።

የተጓዦቹ ዘገባ ያተኮረው በሕጉ ላይ ነው። አሰላለፎቹ የአማርኛ ስሞች ከነበሯቸው በቃል ትውፊት ውስጥ ሊገኙ ይችላሉ። በጎንደር፣ በደብረ ታቦርና በጎጃም ሽማግሌ ዘመድ ያለው አንባቢ አያቱ የነገሩትን የወረራ ስም፣ ቤት ውስጥ የቀረ የጨርቅ ሠሌዳ ወይም የቀንድ ጠጠር ካለም እርሱን፣ ጽፎና ፎቶ አንሥቶ በአቅራቢያው ላለ ቤተ መጻሕፍት ቢያስረክብ ይህን መጣጥፍ ይሞላዋል።