ሚዛኑ፣ ሰዓቱ እና አያቶቻችን፦ አራስ ልጅ ስንት ወተት ይበቃዋል?

የዛሬው ክፍላችን ስለ ንጉሥ ወይም ስለ ጦርነት አይደለም። ስለ አንድ ጥያቄ ታሪክ ነው፦ አዲስ የተወለደ ልጅ ስንት ወተት ይበቃዋል?

ከመካከላችን ብዙዎቻችን መውለድ ጀምረናል፤ ያልወለድነውም የእህቶቻችንን ቤት እያየን ነው። ስልክ ላይ አፕሊኬሽን አለ፤ በቀኝ ጡት ስንት ደቂቃ፣ በግራ ስንት፣ ከጡጦ ስንት ሚሊ ሊትር ብሎ ይመዘግባል። አያቴን፣ ጎንደር እያሉ ልጆቻቸውን በቀን ስንት ጊዜ ያጠቡ እንደነበር ጠየቅኋቸው። «ልጁ ሲፈልግ ነዋ! ማን ይቆጥራል?» አሉኝና ሳቁ።

እሺ፣ ታዲያ መቁጠር የጀመረው ማነው? መቼ? ለምንስ?

መጀመሪያ ከእኛው ሰፈር እንነሳ። በቤተ እስራኤል መንደሮች አንዲት ሴት ስትወልድ ከቤቷ ወጥታ ለብቻ በተሠራ ጎጆ ትቀመጥ ነበር፤ የመርገም ጎጆ፣ ከዚያም የአራስ ጎጆ። ሕጉ ከኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ነው፦ ወንድ ከወለደች 40 ቀን፣ ሴት ከወለደች 80 ቀን። ምግቧን ሌሎች ሴቶች ያመጡላታል፤ ገንፎው፣ አጥሚቱ ከውጭ ይመጣል። ውኃ መቅዳት የለም፣ እንጀራ መጋገር የለም። እናትና ልጅ ብቻ።

ይህን ማሳመር አልፈልግም። ብርድ ነበረ፣ ብቸኝነት ነበረ፣ ወሊድ ሲከብድ ደግሞ ሐኪም ሩቅ ነበር። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ እዚያ ጎጆ ውስጥ ቀኑ በጥንቃቄ ይቆጠር ነበር፣ ወተቱ ግን አይቆጠርም። ልጁ ከእናቱ ጎን ነው፤ አፉን ሲከፍት ይጠባል፣ ሲጠግብ ይተዋል። በቃ።

አሁን ወደ ፓሪስ እንሂድ። በ19ኛው መቶ ዘመን በአውሮፓ ከተሞች ፋብሪካ የሚሠሩ እናቶች ልጆቻቸውን ቀኑን ሙሉ ማጥባት አይችሉም ነበር። የላም ወተት ይሰጣሉ፤ ወተቱ ግን ከሩቅ የመጣ፣ በሙቀት የተበላሸ፣ አንዳንዴም ውኃ የተቀላቀለበት ነው። ሕፃናት በተለይ በበጋ በተቅማጥ ያልቁ ነበር። በ1865 ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ከስንዴ ዱቄት፣ ከብቅል እና ከላም ወተት የሚዘጋጅ የሕፃን ምግብ አሳተመ። በ1867 ደግሞ ሄንሪ ኔስሌ በስዊዘርላንድ የራሱን የወተት ዱቄት አወጣ። ያን ጊዜ ነው ጥያቄው በእውነት የተወለደው። ጡት ላይ መስመርና ቁጥር የለም። ጡጦ ላይ ግን አለ። ጡጦ ከያዝክ «ስንት ልሙላ?» ብለህ መጠየቅህ አይቀርም።

በ1892 ፒየር ቡዳን የተባለ ፈረንሳዊ የማህፀን ሐኪም በፓሪስ ለእናቶች መደበኛ ምርመራ ጀመረ። ሕፃናቱን በየጊዜው ይመዝናል፣ ማጥባትን ያበረታታል፣ ጡት ለማይበቃቸው ንጹሕ ወተት ያዛል። ስሌቱ ቀላል ነበር፦ በቀን የክብደቱን አንድ አሥረኛ ያህል። 4 ኪሎ ልጅ፣ 400 ግራም ወተት። በ1894 ደግሞ ሊዮን ዱፉር የተባለ ሐኪም በኖርማንዲ፣ ፌካን በምትባል የባሕር ዳር ከተማ አንድ ቤት ከፈተ። እናት በየቀኑ ትመጣለች፤ ልጇ በቀን በሚጠባው ልክ ተመጥነው የተሞሉ ጠርሙሶች በቅርጫት ይሰጧታል፤ ባዶውን በማግስቱ ትመልሳለች። ልጁም በየሳምንቱ ይመዘናል። የቤቱ መርህ «የተሻለ ሲጠፋ» የሚል ነበር፤ ማለት የተሻለው ጡት ነው፣ ይህ ግን ጡት ለሌለው ነው። የቤቱ ስም «ጉት ደ ሌ» ይባል ነበር። ትርጉሙ ምን መሰላችሁ? የወተት ጠብታ። በዕብራይስጥ ስትሉት፦ ጢፓት ሐላቭ።

አዎ! ሁላችንም የተከተብንበት፣ የተመዘንንበት ቤት ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። በ1921 ሐዳሳ በኢየሩሳሌም የመጀመሪያውን የእናቶችና የሕፃናት ጣቢያ ከፈተ፤ ሥራውን የመራችው ቤርታ ላንድስማን የተባለች ከአሜሪካ የመጣች ነርስ ነበረች። በሙቀት የጸዳ ወተት በጠርሙስ ተሞልቶ በአህያ ጀርባ በኢየሩሳሌም ሰፈሮች ይታደል ነበር። የዛሬው ጢፓት ሐላቭ ወተት አያድልም፤ ስሙ ብቻ ቀርቷል። ሚዛኑ ግን አሁንም አለ።

ከሚዛኑ ቀጥሎ የመጣው ሰዓት ነው። በኒውዚላንድ ትሩቢ ኪንግ የተባለ ሐኪም በ1907 ፕላንኬት የሚባለውን ማኅበር መሠረተ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም ተስፋፋ፦ በየአራት ሰዓቱ አጥቢ፣ ሌሊት አታጥቢ፣ ቢያለቅስም ሰዓቱን ጠብቂ። ሐሳቡ ልጁን ሥርዓት ማስያዝ ነበር። ችግሩ፣ ጡት የሚሠራው በፍላጎት መሆኑ ነው፤ ልጁ በጠባ ቁጥር ወተት ይጨምራል፣ ካልጠባ ይቀንሳል። ሰዓት ሲጠበቅ ወተቱ ያንሳል፣ ወተቱ ሲያንስ ጡጦ ይመጣል። ከዚያ እናትየዋ «ወተት የለኝም» ትላለች። የአሜሪካው ቤንጃሚን ስፖክ በ1946 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሌሎች ሐኪሞችም በዚያው ዘመን፣ ይህን ጥብቅ ሰዓት ማላላት ጀመሩ። የአያቴ «ሲፈልግ ነዋ!» በሐኪም ቋንቋ እንደገና ተጻፈ ማለት ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል እንምጣ። ወላጆቻችን በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ መጡ። ያን ጊዜ በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ተጓጓዘ፤ በበረራው ላይ የተወለዱ ሕፃናትም ነበሩ። የአራስ ጎጆው ቀረ። በሜርካዝ ቅሊታ ጠባብ ክፍል ነው ያለው፤ የሚጠብቃቸው ደግሞ ወረቀት ላይ የተሳለ የእድገት መስመር ነው። ልጁ ከመስመሩ በታች ከወረደ «አልጠገበም» ማለት ነው።

ግን መስመሩን ማን አሰመረው? በዘመኑ በዓለም ላይ የተለመደው ሰንጠረዥ በ1977 አሜሪካ ውስጥ የወጣው ነበር። ከዜሮ እስከ ሦስት ዓመት ያለው ክፍል የተሠራው በኦሃዮ፣ የሎ ስፕሪንግስ በሚባል አካባቢ በተመዘኑ ሕፃናት ነው፤ አብዛኞቹ በጡጦ ያደጉ፣ ነጭ፣ መካከለኛ ኑሮ ካላቸው ቤተሰቦች። ጡት የሚጠባ ልጅ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ወራት ፈጥኖ ያድጋል፣ ከዚያ ከጡጦው ልጅ ቀስ ይላል። ስለዚህ ጤነኛ የጡት ልጅ በዚያ መስመር ላይ ወደኋላ የቀረ ይመስላል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ለማስተካከል ከ1997 እስከ 2003 በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማን እና በአሜሪካ ወደ 8,500 የሚጠጉ ልጆችን መዝኖ፣ በ2006 አዲስ ሰንጠረዥ አወጣ፤ መለኪያው የጡት ልጅ ሆነ።

አስቡት። ስንት እናት በአስተርጓሚ «ጨምሪለት» ተብላ፣ ጡቷን ተጠራጥራ ወደ ቤቷ ተመልሳ ይሆን? ነርሷ ክፉ ስለሆነች አይደለም። ወረቀቱ የሌላ ልጅ ወረቀት ስለሆነ ነው።

በሌላ በኩል ሁሉም የድሮ ነገር ልክ ነበር ማለት አይደለም። ለአራስ ልጅ ቅቤ ማቅመስ የተለመደ ነበር። በኢትዮጵያ ብዙ አካባቢዎች እንገሩ፣ ማለትም ያ ወፍራሙ ቢጫ የመጀመሪያ ወተት፣ ይታለብና ይደፋ ነበር። ዛሬ እንገር ልጁን ከበሽታ የሚከላከል መሆኑ ታውቋል፤ እስከ ስድስት ወርም ከወተት ሌላ ምግብ አይመከርም። ሚዛኑም ቢሆን ሕይወት አድኗል፤ ያልጠገበ ጨቅላ ሁልጊዜ አያለቅስም፤ አንዳንዱ ደክሞ ዝም ብሎ ይተኛል። ልኩን መሙላትም ብቻውን አይበቃም፦ በ2003 እዚሁ አገር የረሜዲያ የሶያ ዱቄት ቫይታሚን ቢ1 ስላልነበረው ሕፃናት ሞቱ፣ ሌሎችም ዕድሜ ልካቸውን ተጎዱ። ጡጦው እስከ መስመሩ ሞልቶ ነበር።

ታዲያ መልሱ ስንት ነው? በመጀመሪያው ቀን በአንድ ጊዜ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ፤ ሆዱ ትንሽ ነው። ጡት የሚጠባ በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ። በመጀመሪያ ቀናት ክብደቱ ትንሽ ይቀንሳል፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ይመለሳል፤ ቅነሳው ወደ 10 በመቶ ከተጠጋ ግን ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት። ከአምስተኛው ቀን በኋላ በቀን ስድስት ያህል የረጠበ ዳይፐር ጥሩ ምልክት ነው። በዱቄት ወተት ለሚያድግ፣ ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ በቀን ለአንድ ኪሎ 150 ሚሊ ሊትር ያህል፤ የቡዳን 4 ኪሎ ልጅ ዛሬ 600 ይታዘዝለታል ማለት ነው። ቁጥሩ በመቶ ዓመት ይህን ያህል ተቀይሯል።

ስለዚህ ወደ ጢፓት ሐላቭ ስትሄዱ አያታችሁን ወይም እናታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ቁጥሩን ከነርሷ ውሰዱ፤ ልጁን ማየት ደግሞ ከእነሱ ተማሩ፦ አፉን ሲከፍት፣ እጁን ሲጠባ፣ ሲጠግብ ጡጫው ሲፈታ። ቋንቋውን ከእነሱ የበለጠ የምናውቅ እኛ ነን፤ ያኔ አስተርጓሚው ያልጠየቀላቸውን ጥያቄ ዛሬ እኛ መጠየቅ እንችላለን።

እናታችሁ እዚህ ስትደርስ ምን ተባለች? ጠይቋትና ጻፉልን። ለዛሬ በዚህ ይብቃን። ሰላም ሁኑ፣ ለሂትራኦት!