የሐኪሙ ሁለተኛ ዓይን

ስለ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በተጻፈ ቁጥር የነገሥታቱና የሐኪሞቹ ስም ይነሣል። እኔ ዛሬ ላነሣው የምሻው ግን ሐኪሙ የሚያይበትን መሣሪያ ነው። እርሱም የራሱ ታሪክ አለው።

በ1888 ዓ.ም. የዓድዋን ቁስለኞች ለማከም የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን በአዲስ አበባ የሕክምና ሥራ ጀመረ። ሩሲያውያኑ ከሄዱ በኋላም በ1902 ዓ.ም. ገደማ በንጉሠ ነገሥቱ ስም የሚጠራው ሆስፒታል ተቋቋመ። ሆስፒታሉ ዛሬም ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ በየካ ክፍለ ከተማ ይገኛል። ያኔ ጥይት ለሚያወጣና አጥንት ለሚጠግን ሐኪም ባዶ ዓይኑ ይበቃው ነበር።

ለዓይን ቀዶ ሕክምና ግን ይህ አይበቃም። በተለምዶ «የዓይን ብሌን ልገሳ» ስንል የሚለገሰው ብሌኑ ሳይሆን፣ ከብሌኑ ፊት ያለው፣ ሐኪሞች ኮርኒያ የሚሉት ጥርት ያለ ሽፋን ነው። ውፍረቱ መሐል ላይ ከግማሽ ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም፤ የሚሰፋበትም ክር ከጠጉር የቀጠነ ነው። ኤድዋርድ ዚርም የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1905 የመጀመሪያውን የተሳካ የኮርኒያ ንቅለ ተከላ ሲያደርግ፣ የቀዶ ሕክምና ማይክሮስኮፕ ገና አልተሠራም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1922 ስዊድናዊው ጉናር ሆልምግሬን በሁለት ዓይን የሚታይበትን ማይክሮስኮፕ ለጆሮ ቀዶ ሕክምና ተጠቀመበት። እ.ኤ.አ. በ1953 ደግሞ የጀርመኑ ዛይስ ኩባንያ ለቀዶ ሕክምና ተብሎ የተሠራ ማይክሮስኮፕ ለገበያ አቀረበ። ብርሃኑ ሐኪሙ በሚያይበት አቅጣጫ ይወርዳል፤ ሌንሱና በሽተኛው መካከልም እጅና መሣሪያ የሚንቀሳቀስበት ክፍት ቦታ ይቀራል። በሁለት ዓይን ስለሚታይ ጥልቀቱም አይጠፋም።

ይሁን እንጂ አንድ ችግር ቀረ። የሚያየው ሐኪሙ ብቻ ነው፤ ተማሪው ከጀርባው ቆሞ ትከሻውን ከማየት በቀር ምን ይማራል? መፍትሔው ብርሃኑን ለሁለት የሚከፍል መስተዋት ሆነ። ከፊሉ ወደ መምህሩ፣ ከፊሉ ወደ ተማሪው ዓይን ይሄዳል። በኋላ በተማሪው ዓይን ፈንታ ካሜራ ተተከለ፤ ምስሉም በቴሌቪዥን መስኮት ይታይ ጀመር። ዛሬማ ልዩ መነጽር አድርጎ፣ ጥልቀት ያለውን ምስል በሰፊ መስኮት እያየ፣ ጎንበስ ሳይል የሚያክም ሐኪም አለ።

ይህ ለእኛ ምናችን ነው? በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ ከሕዝባችን 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል። ለግማሽ ያህሉ መንሥኤው የዓይን ሞራ ነው፤ ለ11.5 በመቶው ደግሞ ትራኮማ ያጠቆረው ኮርኒያ። የዓይን ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት የሠለጠኑት በዚሁ በምኒልክ ሆስፒታል ነው። የኢትዮጵያ ዓይን ባንክም በ1995 ዓ.ም. በዚሁ ግቢ ተቋቋመ።

እንግዲህ ከሞቴ በኋላ ዓይኔን ውሰዱ ብሎ ቃል የሚገባ ሰው አደራውን የሚሰጠው ለባንኩ ብቻ አይደለም፤ ለሚሰፋውም እጅ ጭምር ነው። ኮርኒያ ብዙ አይቆይም፤ የሠለጠነ እጅ እስኪገኝ ድረስ አይጠብቅም። ያ እጅ ደግሞ የሚሠለጥነው አይቶ ነው። ስለዚህ ለሆስፒታሎቻችን ማይክሮስኮፕ ሲገዛ፣ ስንት ሰው ያይበታል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ይመስለኛል። ተማሪው የማያይበት መሣሪያ፣ ምንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ከአንድ ሐኪም ጋር ጡረታ ይወጣል።