ሳይቆጠር የተከፋፈለ ድምፅ፦ የበጌምድርና ስሜን የምርጫ ወረዳዎች ታሪክ

ከደባርቅ ተነስቶ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ቁልቁል የሚወርድ ሰው ድብ ባሕርን ያገኛል። አካባቢው ዛሬ ሰሜን ጎንደር ዞን ይባላል። በንጉሡ ዘመን ግን የበጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት አካል ነበር። ለመሆኑ የዚህ አገር ገበሬ ፓርላማ የሚገባለትን ሰው መምረጥ የጀመረው መቼ ነው?

ፓርላማው ራሱ የተቋቋመው በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ነው። ያኔ ግን ሕዝብ አይመርጥም፤ የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱን አባላት የሚመርጡት መኳንንቱና የየአካባቢው ሹማምንት ነበሩ። ነገሩ የተለወጠው በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። 21 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ፣ ሴትም ሆነ ወንድ፣ የመምረጥ መብት አገኘ። የመጀመሪያው ምርጫም በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ተካሄደ። የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ስንዱ ገብሩም ምክር ቤት የገቡት በዚሁ ምርጫ ነው።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ሕጉ አገሩን እያንዳንዳቸው 200,000 ያህል ሕዝብ ባላቸው የምርጫ ወረዳዎች ይከፍላል። ለአንዱ ወረዳ ሁለት እንደራሴ ይደርሰዋል፤ ማለትም ለ100,000 ሰው አንድ። ከ30,000 በላይ ሕዝብ ያላት ከተማ ደግሞ ለብቻዋ አንድ እንደራሴ ታገኛለች። ልብ በሉ! 31,000 ነዋሪ ያላት ከተማ አንድ ሰው ስትልክ፣ አንድ ሰው ለመላክ ገጠሩ 100,000 ሕዝብ ያስፈልገዋል። የከተሜው ድምፅ ከገበሬው ድምፅ ሦስት እጥፍ ይከብድ ነበር ማለት ነው።

ሌላም ጣጣ አለ። 200,000 መሙላቱን ማን ቆጠረ? ማንም! በኢትዮጵያ የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1976 ዓ.ም. ነው። ወረዳዎቹ የተከለሉት በግምት ነበር።

መመረጥስ? ለዕጩነት 25 ዓመት መሙላት ብቻ አይበቃም። በወረዳው 1,000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ ተንቀሳቃሽ ንብረት ያስፈልጋል። በጌምድር የርስት አገር ነው፤ ገበሬው መሬት የሚያገኘው ከአያት ቅድመ አያቱ በትውልድ እንጂ በገበያ ገዝቶ አይደለም። እንዲህ ያለውን መሬት በብር መተመን እንዴት ይቻላል? መምረጥ ለሁሉም ሲፈቀድ፣ የመመረጥ በር ግን ሀብትና ስም ላለው ሰው ሰፋ።

የፖለቲካ ፓርቲም አልነበረም፤ ዕጩው የሚቀርበው በግሉ ነው። በላይ ደግሞ አባላቱን ንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሟቸው ሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አለ። ያም ሆኖ እንደራሴዎቹ ዝም ብለው እጅ የሚያወጡ ብቻ አልነበሩም። መንግሥት የባለመሬትንና የጭሰኛን ግንኙነት ለማሻሻል ያቀረበው ረቂቅ ፓርላማው ውስጥ ቀልጦ ቀርቷል። አስገራሚው ነገር፣ የተመረጠው ምክር ቤት አቅሙን ያሳየው ጭሰኛውን ሊጠቅም በሚችል ሕግ ላይ ነው። የንብረት መስፈርቱን ካስታወሳችሁ ምክንያቱን መገመት አይከብድም።

ምርጫው በየአራት ዓመቱ እየተካሄደ እስከ 1965 ዓ.ም. አምስት ጊዜ ተደረገ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሡን ሲያወርድ ፓርላማውንም በተነ፤ የድሮዎቹ የምርጫ ወረዳዎች አብረው አከተሙ። በ1979 ዓ.ም. 835 መቀመጫ ላለው ብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ቢደረግም፣ መድረኩን የያዘው አንድ ፓርቲ፣ ኢሠፓ ብቻ ነበር።

የዛሬው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 መቀመጫ አለው፤ ከአንድ ምርጫ ክልል አንድ ሰው፣ ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል። የንብረት መስፈርቱ ቀርቷል። የቆጠራው ጥያቄ ግን አሁንም አለ። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የተወለዱ ልጆች ለመምረጥ ዕድሜያቸው እየደረሰ ነው። በአንድም ቆጠራ ውስጥ ግን የሉም። የአንድ ሰው ድምፅ ከሌላው እኩል መሆኑን ማወቅ የሚቻለው ደግሞ መጀመሪያ ሁሉም ሲቆጠር ነው።