የቤት ትምህርት መርጃዎች በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ የቤት ትምህርት ሲባል ልጆች ከመደበኛው ትምህርት ቤት ውጭ ከወላጅ፣ ከታላቅ ወንድምና እህት ወይም ከአጥቢያ ቄስ የሚያገኙት ትምህርት ነው። በአብዛኛው መደበኛውን ትምህርት አይተካም፤ ይቀድመዋል፣ ወይም ክፍተቱን ይሞላለታል። ልጁ አንደኛ ክፍል ከመግባቱ በፊት ፊደል ይለይበታል፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ይከልስበታል፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋም የያዘውን እንዳይረሳ ይጠብቅለታል። መርጃዎቹ ከፊደል ገበታና ከመማሪያ መጽሐፍ ጀምሮ እስከ እንቆቅልሽ፣ ገበጣ፣ የበግ ጠጉርና የበዓላት ቆጠራ ይደርሳሉ። ከእነዚህ የትኛው እንደሚጠቅም በዋናነት የሚወስነው ልጁን ተቀምጦ የሚሰማና የሚያርም ሰው በቤቱ መኖሩ ነው።

አካባቢውና የልጆች ውሎ

አካባቢው በአማራ ክልል በሰሜን ሸዋ ዞን ይገኛል። ከከተሞቹ መካከል መሐል ሜዳ፣ ሞላሌ፣ ዘመሮ፣ የግሼዋ ራቤልና የመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ ይጠቀሳሉ። የመንዝና የግሼ ደጋ የገብስና የበግ አገር ነው። መርሐቤቴ ደግሞ ወደ ጀማና ወንጪት ሸለቆዎች ሲወርድ ጤፍና ማሽላ ያበቅላል። ቤቶቹ የተራራቁ በመሆናቸው ብዙ ልጆች ትምህርት ቤት የሚደርሱት ረጅም መንገድ በእግር ተጉዘው ነው። ልጅ ከብት ይጠብቃል፣ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፤ በአጨዳ ጊዜ ሥራው ይበረታል። ስለዚህ ለጥናት የሚተርፈው ጊዜ ከወቅት ወቅት ይለያያል።

አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. የታተመውን «ሰምና ወርቅ» የተሰኘ መጽሐፉን ሲያዘጋጅ የገጠሩን ኑሮ ያጠናው በመንዝ ነበር። በመጽሐፉ የአማራ ገበሬ ልጆቹን እንዴት እንደሚያሳድግ፣ ለታላላቅ መታዘዝም ምን ያህል ቦታ እንደሚሰጠው ጽፏል።

ታሪካዊ መሠረት

ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመስፋፋቱ በፊት ንባብ የሚማሩት ከየኔታ ዘንድ ነበር። የንባብ ቤት ትምህርት በፊደል ቆጠራ ይጀምራል፣ በአቡጊዳ ይቀጥላል፣ ከዚያ ወደ ዮሐንስ መልእክት፣ ወደ ወንጌልና ወደ ዳዊት ይሻገራል። ጎን ለጎንም ጸሎት በቃል ይጠናል። በመርሐቤቴ የተወለዱት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የዚህ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ፍሬ ናቸው። በኋላም በርካታ መጻሕፍት ጽፈው ከዘመናዊው የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ቀዳሚዎች አንዱ ሆነዋል።

በፊደል ገበታ ኅትመት ስማቸው የታወቀው ተስፋ ገብረ ሥላሴም የሰሜን ሸዋ ሰው ናቸው፤ «ዘብሔረ ቡልጋ» የሚለው መጠሪያቸው ትውልዳቸውን ይናገራል። ያሳተሙት ገበታ ከየኔታ ደጅ አልፎ በየቤቱ ገብቷል።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ንባቡን ወደ አዋቂዎች አደረሰው። ዘመቻው በ1980 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮን የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አግኝቷል። በዚያ ዘመን ፊደል የቆጠሩ ሰዎች ዛሬ አያቶች ናቸው፤ የልጅ ልጃቸውን ንባብ ሰምተው ማረም ይችላሉ።

የንባብ መርጃዎች

የፊደል ገበታ ርካሽ፣ ቀላልና ለብዙ ልጆች የሚበቃ ነው። ልጁ በስንደዶ ወይም በቀጭን እንጨት እያንዳንዱን ፊደል እየነካ ይቆጥራል። በ«ሀ ሁ ሂ» ተራ ብዙ ልጆች ድምፁን እንደ ዜማ ይይዙትና ሳያዩ ይወርዱታል። አቡጊዳ ይህን ያጋልጣል፦ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ሲል እያንዳንዱ ፊደል ከሌላ ቤት፣ ድምፁም ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በተራ ይመጣል። ስለዚህ ቅርጹን ያልለየ ልጅ በዜማ ማለፍ አይችልም። አቡጊዳ የሌለው ቤት ከታች ወደ ላይ በማስቆጠር ወይም መካከሉን እየጠቆመ በመጠየቅ ተመሳሳይ ፈተና ማድረግ ይችላል።

የየኔታ ንባብ በደረጃ የተከፋፈለ ነው። ተማሪው አንዱን ጽሑፍ በቁጥር፣ በግዕዝ፣ በወርድና በቁም ንባብ እየደጋገመ ሲያነብ ከፊደል መለየት ወደ ቅልጥፍና ይሻገራል። ጽሑፉ ግን በግዕዝ ቋንቋ ስለሆነ ልጁ ትርጉሙን ሳያውቅ ሊያነበው ይችላል። ይህን ለማካካስ ተረትና የአማርኛ መማሪያ መጽሐፍ ይጨመርለታል፤ ካነበበ በኋላም «ማን ምን አደረገ?» ተብሎ ይጠየቃል። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ስለሚሰጥ የትምህርት ቤቱን መጽሐፍ አማርኛ ማንበብ የሚችል ወላጅ ሊያስረዳው ይችላል።

ጨዋታና ሥራ

ገበጣ ለስሌት የሚመች ጨዋታ ነው። መሬት ላይ በረድፍ ጉድጓዶች ይቆፈሩና በየጉድጓዱ ጠጠር ይደረጋል፤ የረድፉና የጠጠሩ ብዛት ከቦታ ቦታ ይለያያል። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የኢትዮጵያን የገበጣ ዓይነቶች ዘርዝረዋል። ተጫዋቹ ጠጠሩን ከማንሳቱ በፊት የመጨረሻው የት እንደሚያርፍ እንዲናገር ከተጠየቀ ጨዋታው የቃል ሒሳብ ይሆናል። ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱም አራት ጠጠር ቢደረግ «ሁሉም ስንት ነው?» ማለት የማባዛት ልምምድ ነው።

የወር በዓላትም ቁጥር ያስተምራሉ። ወሩ 30 ቀን ነው፤ ልደታ በ1፣ ሚካኤል በ12፣ ገብርኤል በ19፣ መድኃኔ ዓለም በ27 ይውላሉ። «ከሚካኤል እስከ መድኃኔ ዓለም ስንት ቀን አለ?» ተብሎ የተጠየቀ ልጅ ወረቀት ሳይዝ 15 ማለትን ይለምዳል።

እንቆቅልሽ ማታ በምድጃ ዙሪያ የሚካሄድ የማሰብ ልምምድ ነው። መልሱ የጠፋበት «አገር ስጠኝ» ሲባል አገር ስለሚሰጥ የቦታ ስሞችም አብረው ይታወቃሉ። ቅልብልቦሽ እጅና ዓይንን ያቀናጃል፤ ዕቃ ዕቃ ደግሞ ለትንንሾቹ የቃላት ጎተራ ነው።

ከመንዝ በግ ጠጉር ባና የሚባል ወፍራም ልብስ ይሠራል። ጠጉሩን በቀለም መለየት፣ መንደፍና በእንዝርት መፍተል ለልጅ የሚታይ የሥራ ሰንሰለት ነው፤ ልብሱን በክንድና በስንዝር መለካትም የመለኪያ ትምህርት ይሆናል። በባሕር ወለል ላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው የመንዝ ጓሳ ደግሞ ለአካባቢ ሳይንስ ሰፊ መጽሐፍ ነው። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይኖሩበታል፤ ሣሩም ለቤት ክዳንና ለገመድ ይውላል። የጓሳው አጠቃቀም ለዘመናት ቄሮ በሚባል የማኅበረሰብ ሥርዓት ይመራ ስለነበር ልጆች ከአያቶቻቸው ሕጉን ጠይቀው ሊጽፉት ይችላሉ።

ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ስልክ

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. መንግሥት በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶችን ሲዘጋ ትምህርቱ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም እንዲቀጥል ተሞክሯል። መብራት በሌለበት ቤት ከሦስቱ የሚደርሰው ሬዲዮ ነበር። በ2005 እ.ኤ.አ. የተጀመረው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘው የአማርኛ የልጆች ፕሮግራም ቴሌቪዥን ላለው ቤት ለትንንሽ ልጆች ይመቻል። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የተካሄደው ግጭት ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶችን አዘግቷል። መብራትና ኔትወርክ ሲቋረጥ በእጅ የሚያዝ ወረቀትና የሚያስተምር ሰው ብቻ ይቀራሉ።

መርጃ የመምረጫ ነጥቦች

• ሰሚ፦ ወላጁ ማንበብ ካልቻለ ታላቅ እህት ወይም ወንድም ልጁን ይሰማዋል። መንግሥት በ2002 ዓ.ም. ያወጣው የቅድመ መደበኛ ማዕቀፍም ታላላቅ ተማሪዎች ትንንሾቹን የሚያዘጋጁበትን «ሕፃን ለሕፃን» አሠራር አካቷል።

• ዕድሜ፦ ከሰባት ዓመት በታች ላሉ ተረት፣ ጨዋታና ጥቂት ፊደል ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ላሉ ጽሕፈትና ስሌት ይጨመራል።

• ወቅት፦ በአጨዳ ሰሞን አጭር የቃል ልምምድ፣ ሥራ በሚቀልበት ጊዜ ደግሞ ረጅም ንባብ ይያዛል።

• ጥንካሬ፦ ጭስና ዝናብ ወረቀት ይጎዳል። ገበታው በካርቶን ተለጥፎ፣ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ቢሰቀል ዕድሜው ይረዝማል። ከኩራዝ ይልቅ የሶላር መብራት ለዓይንም ለደረትም ይሻላል።

• የሥራ ክፍፍል፦ ውኃና ወጥ ቤት በሴት ልጅ ላይ ሲከማች መጽሐፍ ቢገዛላትም ጊዜ አይኖራትም፤ ሥራው ከወንድሟ ጋር ሲካፈል መርጃው ይሠራል።

ገደቦች

የቤት ትምህርት መደበኛ የክፍል ውጤት አያስገኝም። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ተማሪዎች በ6ኛና በ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ይወስዳሉ፤ ፈተናውም የሚወጣው ከመማሪያ መጻሕፍት ነው። ስለዚህ ትምህርት ያቋረጠ ልጅ ወደ ክፍል የመመለስ ዕድሉ እንዳይጠብ ቤተሰቡ ገንዘብም ጊዜም ሲያጥረው መጀመሪያ ሊይዝለት የሚገባው የክፍሉን መማሪያ መጽሐፍ ነው፤ ሌላው ሁሉ ያንን መጽሐፍ ለማንበብና ለመረዳት የሚያግዝ ነው።